280 ሜትር ላይ የቆመው ዲቴክተር ሥራው ምንድን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በጃፓኑ ቲቱኬ ሙከራ የኒውትሪኖ ጨረር ከቶካይ ተነስቶ መሬት ለመሬት 295 ኪሎ ሜትር ሄዶ ካሚዮካ ይደርሳል። ኒውትሪኖው ዓይነቱን መቀየሩ የሚታየው ካሚዮካ ላይ ነው። ታዲያ ከምንጩ 280 ሜትር ርቀት ላይ ሌላ ዲቴክተር ለምን ተተከለ? ጨረሩን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ስንት እንደላኩ አያውቁም? እሺ ይቆጠር ቢባል እንኳ፣ የሩቁን ቁጥር ለቅርቡ ማካፈል አይበቃም ወይ?»

አጭሩ መልስ፦ ስንት እንደላኩ በደንብ አያውቁም፤ ማካፈሉም አይበቃም። የመጀመሪያውን ቶሎ ማስረዳት ይቻላል። ሁለተኛው ግን የዚህ ሙያ ሰዎች ለዓመታት የተጨነቁበት ነገር ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ኒውትሪኖ ቻርጅ የሌለው፣ ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም የማይጋጭ ኢምንት ቅንጣት ነው። ኤሌክትሮን፣ ሙዮንና ታው የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት፤ መንገድ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። ዲቴክተር ደግሞ ግጭቱን የሚያይ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ጨረሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቶካይ የሚገኘው የጄ-ፓርክ ማፍጠኛ ፕሮቶኖችን እስከ 30 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ያደርስና ከግራፋይት ዘንግ ጋር ያጋጫቸዋል። ከግጭቱ ብዙ ቅንጣቶች ይረጫሉ፤ ለእኛ ዋናዎቹ ፓዮን የሚባሉት ቶሎ የሚፈርሱ ቅንጣቶች ናቸው። ሆርን የሚባሉ ሦስት የማግኔት መሣሪያዎች ፓዮኖቹን ሰብስበው ወደ ፊት ያቀናሉ። ፓዮኖቹ 96 ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውስጥ እየበረሩ ይፈርሳሉ። እያንዳንዱ ሲፈርስ አንድ ሙዮን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ፣ እና አንድ ሙዮን ኒውትሪኖ ይወጣል። ሌላው ሁሉ ዋሻው መጨረሻ ላይ ባለው ግንብና አፈር ይቀራል፤ ኒውትሪኖው ብቻ ያልፋል።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ በትክክል የምንቆጥረው ፕሮቶኑን ነው። ፕሮቶን የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው፤ ጨረሩ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ጅረት መለካት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ፕሮቶን ግራፋይት ሲመታ ስንት ፓዮን ይወጣል? በየትኛው አቅጣጫ? በምን ያህል ፍጥነት? ይህን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከመሠረታዊ ሕግ ተነስቶ ማስላት አይቻልም፤ የኒውክሊየስ ውስጥ ግጭት በጣም የተወሳሰበ ነው። ለዚህ ሲባል ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ኤንኤ61 የተባለ ሌላ ሙከራ ያንኑ ጉልበት ያለው ፕሮቶን በተመሳሳይ የግራፋይት ዘንግ ላይ እየላከ የሚወጣውን ቆጥሯል። በዚህ ልፋት የጨረሩ መጠን ጥርጣሬ ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ አካባቢ ወረደ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን አሁንም ጥርጣሬ አለ።

ሁለተኛው ችግር ደግሞ ይህ ነው። ዲቴክተር ኒውትሪኖን አይቆጥርም። የሚቆጥረው የተጋጨ ኒውትሪኖን ነው። ከሚያልፉት ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ከአንድ ኒውክሊየስ ጋር ይጋጫል፤ ያ የመጋጨት ዕድል ራሱ በሚገባ አይታወቅም። ስለዚህ በእጃችን ያለው ቁጥር ሁልጊዜ የሁለት ያልታወቁ ነገሮች ብዜት ነው፦ ስንት መጣ፣ ሲመጣ ምን ያህሉ ይጋጫል።

አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል ጤፍ ጫንኩ ብሎ መኪናውን ሰደደ እንበል። ሲደርስ 71 ኩንታል ሆነ። መንገድ ላይ ጎደለ? ሲነሳ ያልተመዘነ ከሆነ ማንም ይህን ማለት አይችልም። ምናልባት ሲጫንም 71 ነበር። የቅርቡ ዲቴክተር የመነሻው ሚዛን ነው።

71ን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። ከቲቱኬ በፊት ኬቱኬ የሚባል ሙከራ ነበር። ከ1999 እስከ 2004 ድረስ፣ ቱኩባ ከሚገኘው ኬክ (KEK) ከሚባል ላቦራቶሪ 250 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ሱፐር-ካሚዮካንዴ ሙዮን ኒውትሪኖ ላከ። ሱፐር-ካሚዮካንዴ ካሚዮካ ላይ ያለው ትልቅ የውሃ ታንክ ነው፤ የቲቱኬም የሩቅ ዲቴክተር እሱ ነው። ከምንጩ 300 ሜትር ላይ 1,000 ቶን ውሃ የያዘ ታንክ ተቀምጦ ነበር፤ የትልቁ ታንክ ትንሽ ወንድም። ኒውትሪኖ መንገድ ላይ ባይለዋወጥ ኖሮ ሱፐር-ካሚዮካንዴ 158 ያህል ግጭቶች ማየት ነበረበት። ያየው 112 ነው። ወደ 71 በመቶ ማለት ነው። ልብ በሉ፦ 112ን የሰጠን የሩቁ ዲቴክተር ነው፤ 158ን ግን የሰጠን የቅርቡ ነው። የቅርቡ ባይኖር 112 ትርጉም የለሽ ቁጥር ሆኖ ይቀር ነበር።

280 ሜትር ላይ ያለው ሚዛን ያልተነካ ጭነት እንደሚመዝን በምን እርግጠኞች ነን? በቀላል ስሌት። የመለዋወጡ መጠን የሚወሰነው በርቀትና በጉልበት ጥምርታ ነው። የቲቱኬ ጨረር ጉልበት 0.6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። 295 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ጥምርታ መለዋወጡን ከፍተኛው ነጥብ ላይ ያደርሰዋል፤ ሙዮን ኒውትሪኖ ሆኖ የሚቀረው ከጥቂቱ በስተቀር የለም። 280 ሜትር ላይ ግን የመለወጥ ዕድሉ ከ1 ሚሊዮን 2 ገደማ ነው። ያለ ስጋት ዜሮ ማለት ይቻላል። ጨረሩም እዚያ ገና አልተበተነም፤ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ካሚዮካ ላይ ከሚያልፈው ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ካሚዮካ ላይ እጅግ ብዙ ውሃ የሚጠይቀው ሥራ እዚህ በጥቂት ቶን ይሠራል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ1998 ሱፐር-ካሚዮካንዴ የኒውትሪኖን መለዋወጥ ሲያበስር የቅርብ ዲቴክተር አልነበረውም። ታካኪ ካጂታ በ2015 ኖቤል የተካፈለበት ሥራ ነው። ግን ሐሳቡ እዚያም ነበር። ከባቢ አየር ውስጥ የሚፈጠሩ ኒውትሪኖዎች ከላይ ሲመጡ ጥቂት አስር ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዘዋል፤ ከእግር በታች ሲመጡ ግን መሬትን አቋርጠው 13,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከላይ የመጣው «ቅርብ»፣ ከታች የመጣው «ሩቅ» ሆኖ አገለገለ። መለኪያው አንድና ያው ስለነበር ማካፈሉ በደንብ ሠራ። ይህን ታሪክ ሳስበው ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ተፈጥሮ ራሷ ሁለት ሚዛን አቅርባ ነበር።

አሁን ወደ ማካፈሉ እንምጣ። ሁለቱ ዲቴክተሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ የጋራ ስህተታቸው ሲካፈል ይጣፋል የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። በአሜሪካው ፌርሚላብ ላቦራቶሪ የተሠሩት ማይኖስና ኖቫ የተባሉ ሙከራዎች የመረጡት ይህን መንገድ ነው። ማይኖስ በሁለቱም ጫፍ ብረትና ፕላስቲክ እያፈራረቀ ደረደረ። ኖቫም በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አንድ ዓይነት ብርሃን ሰጪ ፈሳሽ ሞላ፤ የቅርቡ ከምንጩ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 300 ቶን ገደማ፣ የሩቁ 810 ኪሎ ሜትር ርቆ ሚኒሶታ ውስጥ 14,000 ቶን። ብዙ ስህተት በዚህ መንገድ ይጣፋል። ግን ሁሉም አይደለም። ትንሹ ዲቴክተር ውስጥ ረጅም ሙዮን ጎኑን ሰብሮ ይወጣል፤ ትልቁ ውስጥ ይቀራል። ይህ ሁለቱን እኩል አይነካም።

ከዚያ የሚብስ አለ። ሌሊት ረጅም መንገድ ላይ የተደረደሩ መብራቶችን አስቡ። ከሩቅ ተራራ ላይ ሆነው ሲያዩአቸው አንድ ነጥብ ናቸው። መንገዱ አፍ ላይ ቆመው ሲያዩአቸው ግን አንዱ አጠገብዎ ነው፤ ሌላው ሩቅ ነው፤ አንዱ በስተቀኝ፣ ሌላው ፊት ለፊት። 96 ሜትሩ ዋሻም እንዲሁ ነው። ካሚዮካ ሆኖ ለሚያየው ነጥብ ነው። 280 ሜትር ላይ ላለው ግን ርዝመት ያለው ምንጭ ነው። ፈጣን ፓዮን ዋሻው ጫፍ ድረስ ሄዶ ይፈርሳል፤ ዝግተኛው መግቢያው አካባቢ ይፈርሳል። ስለዚህ የቅርቡ ዲቴክተር የሚያየው የጉልበት ስርጭት ከሩቁ ትንሽ ይለያል። ይህ እንኳ በጂኦሜትሪ ስለሚመጣ ተሰልቶ ይታረማል።

ከሁሉም የከፋው ሌላ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ይታገሡኝ።

ኒውትሪኖው ሲመጣ ጉልበቱን ነግሮን አይመጣም። የምናየው ከግጭቱ የወጣውን ሙዮን ነው። የሙዮኑን ፍጥነትና አቅጣጫ ይዘን፣ ኒውትሪኖው የመታው አንድ ኒውትሮን ብቻ ነው ብለን፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ እናሰላለን። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያስኬዳል። አንዳንዴ ግን ኒውትሪኖው የሚመታው ተያይዘው ያሉ ሁለት ቅንጣቶችን ነው። ወይም ፓዮን ይፈጠርና ኒውክሊየሱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። እኛ ያን አናይም። ያኔ የምናሰላው ጉልበት ከእውነተኛው ያንሳል። ለምሳሌ 0.9 የነበረው 0.6 መስሎ ይመዘገባል።

ይህ ስህተት በሁለቱም ዲቴክተር እኩል ይከሰታል። ታዲያ ሲካፈል ለምን አይጠፋም? ምክንያቱም ወደ ሁለቱ የሚደርሰው ጨረር ቅርጹ የተለያየ ነው። ቅርብ ያለው ገና አልተለወጠም፤ 0.6 ላይ ትልቅ ጉብታ አለው። ካሚዮካ ላይ ግን በመለዋወጡ ምክንያት ልክ እዚያው 0.6 ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አሁን ከ0.9 ተንሸራተው የመጡትን ጥቂት ግጭቶች ያስቡ። ቅርብ ላይ ጉብታው ሥር ይደበቃሉ፤ ማንም አያያቸውም። ሩቅ ላይ ግን ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ጉድጓዱን ይሞሉታል። የጉድጓዱ ጥልቀት ደግሞ የምንፈልገው መልስ ነው! ያው ስህተት አንዱ ጋ ተደብቆ ሌላው ጋ መልሱን ራሱን ያበላሻል። ማካፈል ይህን አያጠፋውም።

ስለዚህ ቲቱኬ ሌላ መንገድ ያዘ። የቅርቡን ዲቴክተር የትልቁ ቅጂ አላደረገውም። ኤንዲ280 የሚባለው ይህ መሣሪያ የውሃ ታንክ አይደለም፤ ግጭቱን በዝርዝር የሚያይ፣ ብዙ ክፍል ያለው መሣሪያ ነው። ዙሪያውን የያዘው ማግኔት ሰርን ውስጥ ዩኤ1 የተባለው ሙከራ ይጠቀምበት የነበረው ነው። ዩኤ1 በ1983 ደብልዩና ዜድ ቦዞን የተባሉ ቅንጣቶች ከተገኙባቸው ሁለት ሙከራዎች አንዱ ነው። አሮጌው ማግኔት ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ውስጥ ሁለተኛ ሕይወት አገኘ።

ማግኔቱ ለጌጥ አይደለም። የቲቱኬ ዋና ጥያቄ ኒውትሪኖና ፀረ-ኒውትሪኖ በእኩል መጠን ይለዋወጣሉ ወይ የሚል ነው። ለፀረ-ኒውትሪኖ የሆርኖቹን ጅረት አቅጣጫ ይገለብጡታል። ግን ጨረሩ ንጹሕ አይሆንም፤ ፀረ-ኒውትሪኖው መካከል ተራ ኒውትሪኖ ተቀላቅሎ ይመጣል። ሱፐር-ካሚዮካንዴ ማግኔት ስለሌለው ሙዮኑ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ አይለይም። ኤንዲ280 ይለያል፤ ሙዮኑ ወደ የት እንደታጠፈ ያያል። ቅይጡ ምን ያህል እንደሆነ ለሩቁ የሚነግረው እሱ ነው። ሌላም ቅይጥ አለ። ከጨረሩ ውስጥ 1 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከመነሻው ኤሌክትሮን ኒውትሪኖ ነው። ካሚዮካ ላይ የሚፈለገው ደግሞ ከሙዮን ወደ ኤሌክትሮን የተለወጠው ነው፤ ሲነሳም ኤሌክትሮን የነበረውን ካልቀነሱ ግኝት ያልሆነውን ግኝት ይላሉ።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው። ስለ ጨረሩና ስለ ግጭቱ አንድ ትልቅ ሞዴል ይሠራል፤ ብዙ የሚስተካከሉ ቁጥሮች አሉት። ሞዴሉ በቅርቡ ዲቴክተር መረጃ ላይ ይፈተሻል፤ ቁጥሮቹ ይስተካከላሉ። የተስተካከለው ሞዴል ካሚዮካ ላይ ምን እንደሚታይ ይተነብያል። በዚህ መንገድ የትንበያው ጥርጣሬ ከ10 በመቶ በላይ የነበረው ወደ 5 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። የቅርቡ ዲቴክተር የሚካፈል ቁጥር አይሰጥም፤ ሞዴሉን ይቀጣል ብል ይሻላል።

ይህ ትንሽ ከመሰለዎት በ2013 የሆነውን ይመልከቱ። ቲቱኬ እስከዚያ ጊዜ 657 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ፕሮቶን ግራፋይቱ ላይ አሳርፏል። ካሚዮካ ላይ የተገኘው ኤሌክትሮን ኒውትሪኖ የሚመስል ግጭት ግን 28 ብቻ ነበር። ኤሌክትሮን ኒውትሪኖ መልክ ያለው ለውጥ ባይኖር ይጠበቅ የነበረው ከ5 ያነሰ ነው። በ28 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት 7.3 ሲግማ ተባለ (ሲግማ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚለካ ነው)፤ ግኝት ለመባል 5 ሲግማ ይበቃል። ያ የ«5 ግጭት» ግምት ከየት መጣ? ቅርብ ከቆመው ዲቴክተር ጋር ተፈትሾ ከተስተካከለው ሞዴል።

ኢንግሪድን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቲቱኬ ጨረሩን በቀጥታ ካሚዮካ ላይ አያነጣጥርም፤ ሆን ብሎ 2.5 ዲግሪ ወደ ጎን ያዞረዋል። ከመሃሉ ጎን ያለው ጨረር በጉልበት ጠባብና የተሰበሰበ ስለሚሆን ነው። ግን አንግሉ በጥቂቱ ከተንሸራተተ ጉልበቱም ይንሸራተታል፤ 1 ሚሊ ራዲያን፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 1 ሜትር፣ ጉልበቱን 2 በመቶ ገደማ ይለውጠዋል። ኢንግሪድ ከኤንዲ280 ጋር በአንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ የጨረሩ መሃል ላይ በመስቀል ቅርጽ የተደረደረ መሣሪያ ነው። ሥራው ጨረሩ መሃሉን እንዳልሳተ መጠበቅ ነው። ዝነኛ አይደለም። እሱ ባይኖር ግን ሌላው ሁሉ ይወዛወዛል።

ሁሉም ሙከራ የቅርብ ዲቴክተር ያስፈልገዋል ወይ? አይደለም። ከሰርን ጣሊያን ግራን ሳሶ ድረስ 730 ኪሎ ሜትር የተላከው ጨረር የቅርብ ዲቴክተር አልነበረውም። ኦፔራ የተባለው ሙከራ የሚፈልገው ታው ኒውትሪኖን ነበር። ሲነሳ ጨረሩ ውስጥ ታው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ግራን ሳሶ ላይ የተገኘ ታው መንገድ ላይ የተፈጠረ ነው። ባዶ መኪና ልከው ሲደርስ ጤፍ ከተገኘበት መነሻው ላይ ሚዛን ባይኖርም ችግር የለም። ኦፔራ በመጨረሻ 10 ታዎችን አገኘ፤ ያም በቃው። ሚዛኑ የሚያስፈልገው «ስንት ጎደለ፣ ስንት በዛ» ለሚል ጥያቄ ነው።

አሁን ያለው ጥያቄ ደግሞ ልክ እንደዚያ ነው። በ2020 ቲቱኬ ያሳተመው ውጤት 90 የኤሌክትሮን ኒውትሪኖና 15 የፀረ-ኤሌክትሮን ኒውትሪኖ ግጭቶች ላይ የቆመ ነበር። 90 ግጭት ሲኖር የቁጥሩ ማነስ ብቻውን 10 በመቶ ያህል ጥርጣሬ ያመጣል፤ ስለዚህ ከሞዴሉ የሚመጣው 5 በመቶ ያን ያህል አያስጨንቅም። በመሠራት ላይ ያለው ሃይፐር-ካሚዮካንዴ ግን 260,000 ቶን ውሃ የሚይዝ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ግጭቶችን ያያል። ያኔ የቁጥር ማነስ ሰበብ አይሆንም። መልሱን የሚወስነው የቅርቡ ዲቴክተር ጥራት ይሆናል። ኤንዲ280 በ2024 የታደሰውም ለዚህ ነው፤ ውስጡ አሁን 1 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው 2 ሚሊዮን ገደማ የፕላስቲክ ኩቦች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ኩብ ራሱን ችሎ ብርሃን ይሰጣል፤ ከዚህ በፊት የማይታዩ አጫጭር የፕሮቶን ጉዞዎች አሁን ይታያሉ።

ለዚያ ለጉድጓዱ ችግር ግን እኔ በጣም የምወደው መፍትሔ ሌላ ነው፦ ዲቴክተሩን ማንቀሳቀስ። ጉልበቱ በአንግሉ እንደሚለወጥ አይተናል፤ ከጨረሩ መሃል በራቁ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል። ለሃይፐር-ካሚዮካንዴ ከምንጩ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በቀጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ የውሃ ዲቴክተር ታቅዷል። በአሜሪካው ዱን በተባለው በመሠራት ላይ ያለ ሙከራ ደግሞ የሩቁ ዲቴክተር ደቡብ ዳኮታ ውስጥ 1,300 ኪሎ ሜትር ላይ ይሆናል፤ ከምንጩ 574 ሜትር ርቀት ላይ የሚቆመው የፈሳሽ አርጎን መሣሪያ ወደ ጎን 30 ሜትር ገደማ እንዲንሸራተት ተደርጎ ነው የተነደፈው።

በየቦታው የተለያየ ጉልበት ያለው ጨረር ይለካል። ከዚያ አንዱን በዚህ ያህል ያባዙታል፣ ሌላውን በዚያ ያህል ይቀንሱታል፣ ይደምሩታል። ቁጥሮቹ በደንብ ከተመረጡ ድምሩ ካሚዮካ ወይም ዳኮታ ላይ የሚደርሰውን ጨረር ቅርጽ ይይዛል፤ ጉድጓዱን ጭምር። ማለትም ገና 1 ኪሎ ሜትር ያልተጓዘ ኒውትሪኖ ይዘው፣ መቶዎች ኪሎ ሜትር የተጓዘ የሚመስል ጨረር ቅርብ ላይ ይገነባሉ። ያኔ ከ0.9 ተንሸራተው የሚመጡት ግጭቶች የሚደበቁበት ጉብታ አይኖርም፤ የቅርቡም ዲቴክተር ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቁ ያያቸዋል። ማካፈል ይበቃል ወይ ላሉት ጥያቄ «አዎ» ለማለት የተቃረብንበት ቦታ ይህ ነው።